ቤት እየጎተትን ከአዲስ አበባ ጎንደር፦ ናፍጣውን የበላው ማነው?

ጎንደር ከገባን ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መንገዱም ስለ ጥምቀቱም አይደለም፣ "ያን ቤት ጎትታችሁ ስንት ናፍጣ ፈጀባችሁ?" ነው። ማደያ የሚሠራው ልጅ ጠየቀኝ፣ ትራፊኩ ጠየቀኝ፣ ጸበል ሊጠጣ የመጣ ሰውዬ ሳይቀር ጠየቀኝ። ደረሰኞቹ ኪሴ ውስጥ ስላሉ በቃ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጥር 5፣ 2014፣ አዲስ አበባ

ነገሩ የመጣው ከአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው የሚኖረው፣ እዛ ሰው ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር አልጋና ኩሽና ያለው ተጎታች ቤት ከፒክአፑ ኋላ አስሮ ተራራ ይወጣል፣ እሱም አንድ አለው። በዛ ዓመት ለጥምቀት ዲያስፖራው ሁሉ ጎንደር ይገባል ሲባል አልጋ እንደማይገኝ ገባውና ከወራት በፊት አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ እንዲሠራለት አዘዘ። ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ሻንሲ፣ ላዩ ላይ ኮምፔንሳቶና ላሜራ፣ ሁለት አልጋ፣ ቡታጋዝ ማስቀመጫ፣ ኋላው ላይ 200 ሊትር የውኃ ታንከር። እኔ ጎንደሬ ነኝ፣ ቤቴም ሥራዬም አዘዞ ነው፣ ጎታቿ ደግሞ የኔ መኪና ናት፤ ፒክአፕ ላንድክሩዘር፣ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር ያላት፣ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ተርቦ የሌላት፣ የማትቸኩል የማትሰበር። ከጎንደር ባዶዋን ስወርድ ለክቼ በሊትር 8.3 ኪሎሜትር ነው የሄደችው፣ ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ቤቱን የምድር ሚዛን ላይ አወጣነው፣ ባዶውን 1,150 ኪሎ። ቁመቱ ከመሬት 2 ሜትር ከ60 ነው፣ ከመኪናዬ ጣሪያ በላይ ስልሳ ምናምን ሳንቲም ተርፎ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ያን ቀን ያየሁት ኪሎውን ነው፣ የአክስቴ ልጅ ግን ከፊት ለፊት ቆሞ ግድግዳዋን እያየ "ናፍጣህን የምትበላው ይቺ ናት" አለኝ። ዓባይ በረሃን የማያውቅ ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ማታ አክስቴ ደወለች። "ልጆቼ፣ ጎንደር ውኃ ጠፍቷል፣ ታንከሩን ሞልታችሁ ኑ።" ጎንደር የኖረ ሰው ይሄን አይስቅበትም፣ በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ነው ያለን፣ የአንገረብ ግድብም ብቻውን ከተማውን ከቻለው ቆይቷል። ሞላነው። 1,350 ኪሎ ገባ።

ጥር 6፣ ዓባይ በረሃ

ታንከሩን፣ የመኪናውን ማለቴ ነው፣ እስከ አፉ ሞልተን ወጣን። ናፍጣ ሊትሩ 28 ብር ከ94 ሳንቲም ነበር። ዛሬ ይሄን ስጽፍ ራሱ ያምረኛል፣ በዛው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ እኮ 49 ገባ።

እንጦጦን ዞረን ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ፍቼ፣ ስለነዚህ ብዙ የምለው የለኝም፣ አርብ ስለሆነ የሱሉልታ እርጎም አለፈን። ገብረ ጉራቻ ላይ ሽሮ በላን፣ 50 ብር፣ ሽሮው ጥሩ ነበር እንጀራው ግን የአዲስ አበባ ዓይነት ነው ቶሎ ይደርቃል። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ስለነበር ኬላ ላይ ሁሉ ያስቆሙናል፣ ያ ቤት ደግሞ ለፖሊስ ትልቅ እንቆቅልሽ ነው። "ሾፌር፣ ውስጡ ማን አለ?" "ማንም የለም ጌታዬ።" "ታዲያ አልጋው ለማን ነው?" ይከፈታል ፍራሽ ይነሳል ቡታጋዝ ይሸተታል፣ ከዛ አንዱ መጥቶ ቀስ ብሎ "በሊትር ስንት ይሄዳል?"

ጎሃ ጽዮን ላይ ቆመን ጎማውንም ፍሬኑንም አየን። ከዛ ወደ ታች 1,400 ሜትር ገደማ ነው የሚወረደው፣ ወደ ላይም ደጀን ድረስ ያንኑ ያህል። እዚህ ጋ የሹፌሮችን አንድ ልማድ ሳላነሳ አላልፍም። ብዙ ሰው ቁልቁለት ሲያገኝ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ ያደርጋል። ፍሬኑ ግሎ ገደል መግባቱን ተዉት፣ ሒሳቡም ራሱ ልክ አይደለም። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ፓምፑ ናፍጣ ይቆርጣል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ ላለመጥፋት ለራሱ እየጠጣ ነው የሚወርደው። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየጮኸ እየያዘን ወረድን፣ ከኋላችን ያለ ሚኒባስ ጡሩንባውን ነፍቶ ሲያበቃ አልፎን ሄደ፣ ታች ደርሰን ስናየው ቆሞ ከጎማው ጭስ ይወጣል።

ጃፓኖች በእርዳታ የሠሩትን ድልድይ ተሻገርን፣ አሮጌው ጎኑ እንዳለ ነው፣ ፎቶ አይፈቀድም። ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ዝንጀሮዎቹ እንኳን ጥላ ፍለጋ መንገድ ዳር ተኮልኩለዋል። ከዛ ዳገቱ። ሁለተኛ ማርሽ፣ አልፎ አልፎ ሦስተኛ፣ መኪናዋ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ይሄ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍ ባልክ ቁጥር የሚስበው አየር ይሳሳበታል፣ ደጀን አካባቢ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የቀነሰ ነው፣ ፓምፑ ግን የለመደውን ናፍጣ ይሰጣል፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስትረግጠው ጭሱ ይጨምራል እንጂ ጉልበቱ አይጨምርም። ስለዚህ ትንሽ መለስ ማድረግ ነው፣ የሚጠፋው ጭሱ ብቻ ነው።

እኔ ይሄን ዳገት ስንወጣ ልቤ የነበረው ናፍጣው ላይ ነው፣ ያ ሁሉ ኪሎ ከኋላ ተንጠልጥሎ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ያሰላል። "1,350 ኪሎ 1,400 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ሞተርህ ከሚጠጣው ሲሶውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል፣ አንድ ሊትር ተኩል ነው" አለ። አንድ ሊትር ተኩል! አላመንኩትም፣ ደጀን ላይ ቡና እየጠጣን እኔም ደገምኩት፣ ያው ነው። ከጎማው መሽከርከርና ከሌላው ጋ ትንሽ ይጨምራል እንጂ እኔ የፈራሁት አስር ሊትር ምናምን የለም። የመኪናዋ የራሷ ክብደት ነው ዳገቱን የሚበላው፣ እሱን ደግሞ ባዶዋንም ስትሄድ ትከፍለዋለህ።

ከደጀን በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው፣ መኪናዋ እፎይ አለች እኛም አልን። ሉማሜን እንዳለፍን አንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና በሙሉ ፍጥነት ሲያልፈን ቤቱ ከኋላ ተወዛወዘ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ መኪናዋን እያወዛወዘ፣ ፍሬን አልነካሁም መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ ፍጥነቱን ቀስ ብዬ ለቀኩት፣ ቆመ። ወርደን አየነው። ጥፋቱ የጋራዡ ነው፣ 200 ሊትር ውኃ ጎማዎቹን ከያዘው ብረት፣ ከአክሱ ኋላ መጨረሻው ላይ ሰቅለውታል፣ እና ኋላው ሲከብድ የፊቱ መጎተቻ ተንጠልጥሎ ቀለለ። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው መኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፣ የኛን ሁለት ሰው ሆነን በእጃችን አነሳነው!

ደብረ ማርቆስ ገባን። አልጋ 450 ብር፣ ለቤቱ ዘበኛ 50። ውኃውን ደፋነው፣ ማለቴ የሆቴሉ አትክልተኛ ባልዲ እየቀያየረ ጽጌረዳውን አጠጣበት፣ እንደሱ የተደሰተ ሰው አላየሁም። ማደያ ገብተን ሞላን፤ 300 ኪሎሜትር፣ 62 ሊትር። በሊትር 4.8።

ጥር 7፣ ከማርቆስ ባሕር ዳር

ዛሬ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው። ውኃው ተደፍቷል፣ ዓባይ በረሃ አልፏል፣ መንገዱ በአብዛኛው ወደታች ነው፣ እኔ ዛሬ በሊትር ስድስት ተኩል ካልሄደች ብዬ ጠብቄያለሁ። ሰውዬው የኮሎራዶ ሀይዌይ ላይ ያለ መስሎታል መሰለኝ፣ ደምበጫን ሳናልፍ ዘጠና ገባ። "አንተ ቀስ በል" ስለው "አይወዛወዝም እኮ አሁን" ይለኛል። እውነትም አይወዛወዝም።

ቅዳሜ ስለሆነ ቡሬ ላይ ጥብስ በላን፣ 160 ብር፣ ከጎንደሩ ጋ ላወዳድረው አልፈልግም፣ ጎጃሞች ቅቤ አይሰስቱም እሱን ልመስክር። ኮሶበር ልንገባ ስንል የሚሸት ነገር አለ፣ የተቃጠለ ቅባት። የቤቱ ቀኝ ጎማ እምብርቱ እጅ አያስነካም። አንድ ልጅ መካኒክ ፈታው፣ ኩሽኔታው ውስጥ ግራሶ የሚባል ነገር የለም፣ ደርቆ ሰማያዊ ሆኗል። ልጁ ወደላይ አየንና "ይሄን የሠራው ሰው ግራሶ ተወዶበት ነው?" አለ። ኩሽኔታው ከነእጁ 600 ብር ፈጀ፣ የግራውንም በግራሶ ሞላልን፣ ስንጠብቅ የአገው ፈረሰኞች በጥልፍ የተሸለመ ፈረስ ይዘው ሲያልፉ እያየን ድንች በሚጥሚጣ በላን። ከዲከረንስ ዛፍ የተከሰለ ከሰልም አንድ ጆንያ ገዛን፣ መንገዱ ዳር እስከ ዳር እሱ ነው።

ባሕር ዳር ሞላን። 260 ኪሎሜትር፣ 54 ሊትር። በሊትር 4.8። ማደያው ልጅ ሁለቴ እንዲያይልኝ ጠየቅኩት።

እንግዲህ ይሄን አስቡት፣ ትናንት ዓባይ በረሃ ወርደን ወጥተን፣ 200 ኪሎ ውኃ ጭነን 4.8፤ ዛሬ ያለ ውኃ፣ ያለ በረሃ፣ ያው 4.8። ኩሽኔታው የበኩሉን በልቶ ይሆናል፣ ግን ከተቀየረ በኋላም የነዳጅ ጌጁ አወራረዱ ያው ነበር። የበላው ዘጠናው ነው። ነፋስ ከፍጥነት ጋ በእኩል አይጨምርም፤ ከ65 ወደ 90 ስትወጣ ፍጥነቱ በሲሶ ገደማ ነው የጨመረው፣ አየሩ የሚገፋህ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያቺ ከጣሪያዬ በላይ የቆመች ግድግዳ ያን ሁሉ ነፋስ በደረቷ ትቀበላለች። የአክስቴ ልጅ የሱን ሲነግረኝ አሜሪካ ፒክአፑ ባዶውን በጋሎን 20 ማይል ይሄዳል፣ ቤቱን ሲጎትት 10። ወደኛ ሲገለበጥ 8.5 እና 4.25 ነው። የሱ መኪና ከኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች፣ ተርቦ አላት፣ ኮምፒውተር አላት፣ ቁጥሩ ግን ከኔ አሮጌ ጋ አንድ ነው፣ ነፋስ መኪና አይመርጥም። እንዲያውም እኛ ጋ አየሩ የሳሳ መሆኑ ለሞተሩ ቢጎዳም ለግድግዳዋ ጠቅሟል፣ ስስ አየር የሚገፋውም ቀለል አድርጎ ነው።

ጣና ዳር አንድ ግቢ 200 ብር ከፍለን ቤቱ ውስጥ አደርን፣ ዓሣ ጉላሽ 140። ወባ ትንኝ በነጻ።

ጥር 8፣ ከባሕር ዳር ጎንደር

ሌሊቱን የተስማማነው እንዲህ ነው፣ ዛሬ እኔ እነዳለሁ፣ ከ65 አላልፍም፣ እሱ ደግሞ ስለ ፍጥነት አንድ ቃል አይናገርም። 12 ሰዓት ላይ ዓባይን ተሻገርን፣ በአሮጌው ድልድይ፣ አዲሱ ያኔ ግንባታ ላይ ነበር፣ የተመረቀው ግንቦት 2016 ነው። በጠዋት የወጣሁት ሆን ብዬ ነው፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ከሰዓት የጣና ነፋስ ይነሳል፣ ባዶ መኪና እንኳን ይገፋል።

ወረታ ላይ የሩዝ ነዶ በየማሳው ተከምሯል፣ እዛው ቁርስ በላን፣ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ፣ ነጭ ነው ለስላሳ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይሰባበራል። ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ አለ፣ በሦስተኛ ወጣነው፣ አምስተኛ ማርሽን ቀኑን ሙሉ አልነካሁትም ማለት ይቻላል፤ ጭነት እየጎተትክ አምስተኛ ላይ ሞተሩን ማስጨነቅ ናፍጣ አያተርፍም፣ ያግላል ብቻ። እንፍራንዝ ላይ የጉዛራን ግንብ ከሩቅ አየነው፣ ማክሰኝት፣ ተዳ፣ በቃ ቤት። ከኋላችን ሰልፍ የሠራው አይሱዙ ሁሉ ሰድቦን አልፏል፣ እሱን አልደብቅም፣ ሰፋ ባለ ቦታ ዳር እየያዝን እናሳልፋቸው ነበር።

አዘዞ ሞላን፤ 180 ኪሎሜትር፣ 29 ሊትር። በሊትር 6.2! ባሕር ዳር ከጎንደር ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ያ ማለት ወደ ላይ እየወጣን ነው ይሄ የመጣው። የአክስቴ ልጅ ቃሉን ጠብቆ ዝም አለ፣ ደረሰኙን ብቻ ፎቶ አነሳው።

አክስቴ በር ላይ ቆማለች፣ ልጇን በአራት ዓመቷ ነው የምታየው፣ አቅፋ አለቀሰች፣ ሳመችን፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና "ውኃውስ?" አለች። ተያየን። "እትዬ፣ መንገድ ላይ ደፋነው።" "ምን አላችሁ? ውኃ ደፍታችሁ ነው ጎንደር የመጣችሁት?" የደብረ ማርቆሱን ጽጌረዳ ታሪክ የሚነግራት ሰው አልተገኘም። በበነጋው ጄሪካን ተሸክመን ወረፋ ወጣን፣ ዲያስፖራውም አብሮ።

ጥር 10 እና 11፣ ጎንደር

ጥምቀቱን አልጽፈውም፣ ያየው ያውቀዋል፣ ዩኔስኮም በ2012 መዝግቦታል። የመኪና ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ከተራ ዕለት ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ መንገዱ የእግረኛ ነው፣ ተጎታች ይዞ መግባት አይታሰብም፣ ቤቱን አክስቴ ግቢ ትተን እስከተቻለው በባጃጅ የቀረውን በእግር ሄድን፣ ገሃድ ስለሆነ በባዶ ሆድ። ባጃጁ ከአዘዞ የሦስት እጥፍ ጠየቀን፣ ጎንደሬ መሆኔን ሳስረዳው ወደ ሁለት እጥፍ ወረደልኝ። በበነጋው ረቡዕ ቢሆንም ጥምቀት ነውና ዶሮ ወጥ ተበላ።

አንድ ጓደኛችን ከአዲስ አበባ መጥቶ ፒያሳ አካባቢ አልጋ አገኘ፣ በአዘቦቱ 700 የነበረው 2,500 ብር ለአንድ ሌሊት። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። እኛ በጠቅላላው 145 ሊትር ፈጀን፣ 4,200 ብር ገደማ። መኪናዋ ባዶዋን ብትመጣ 89 ሊትር፣ 2,600 አይሞላም። ልዩነቱ 1,600 ብር ነው፣ የጓደኛችን አንድ ሌሊት አይሞላም። የአክስቴ ልጅ ይሄን ሲሰማ ደረቱን ነፋ፣ ቤቱን ለማሠራት ያወጣውን ግን ማንም እንዲያነሳው አይፈልግም።

ጥር 14፣ ጎርጎራ

በቆላድባ በኩል ጣና ዳር ወረድን፣ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን ሁለት ሌሊት አደርን፣ የኮሶበሩ ከሰል እዚህ ሠራ፣ ዓሣ ከአጥማጆቹ ገዝተን ጠበስን። መንገዱ አቧራና ጠጠር የበዛበት ነበር፣ ከ30 እና ከ40 በላይ አይነዳም፣ እና እዚህ የነፋሱ ጨዋታ የለም። ጠጠር ላይ የጎማው ነገር ነው የሚበላህ፣ የቤቱ ጎማ ነፋሱ ጎድሎ አገኘነው፣ ጎሚስታ ጋ አስሞልተን ስንመለስ ሲጎተት ራሱ ቀለል ማለቱ ያስታውቃል። ደርሶ መልስ በሊትር 5.4 ነው የወጣው፣ ከባሕር ዳር ጎንደሩ 6.2 ያንሳል፣ ቀስ እያልን ቢሆንም። ቀስ ማለት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፣ መንገዱ ጥሩ ሆኖ ቀስ ማለት ነው የሚያዋጣው፣ መቼም ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ መንገድ ከተገኘ።

የአክስቴ ልጅ ከመብረሩ በፊት አዘዞ አንድ ብየዳ ቤት ሄድን። ሐሳባችን ከመኪናዬ ፖርቶ መጋላ ላይ ወደኋላ የተንጋደደ ላሜራ ማስገጠም ነው፣ ነፋሱ ግድግዳዋን ሳይመታ በላይዋ እንዲያልፍ፣ የከባድ መኪናዎቹ ጋቢና ላይ እንዳለው። ታንከሩንም ከኋላ ነቅሎ ከአክሱ በላይ እንዲያደርገው። ሰውዬው ዞሮ ዞሮ አየው፣ በክንዱ ለካ፣ ላሜራው 3,000 ታንከሩ 1,200 አለ። 3,500 ላይ ተስማማን፣ ታንከሩ ቅድሚያ ይኖረዋል፣ እሱ ላይ አክስቴ በአካል መጥታ ተከራክራለች።